ጥምጥሙ የወደቀ ካህን

«ድንጋዩን! ድንጋዩን አምጪልኝ ሱናባይ፣ ወደቅሁ!»

ይህን ያሉት ሊቀ ካህኑ ዳስቱር ከይቆባድ ናቸው። ሱናባይ በራሳቸው የተሸከሙትን ጠፍጣፋ ድንጋይ እያቃሰቱ አወረዱና መንገዱ መሀል አስቀመጡት፤ ከእንስራቸው ውሃ አፍስሰው አጠቡት። ሽማግሌው በወፍራም ጥጥ ጠቅልለው ያቀፉትን የብር ማንደጃ ቀስ አድርገው አሳረፉበት። ቀዳዳ ቀዳዳ ካለው ክዳን ሥር ቅዱሱ እሳት አመዱን ለብሶ ተኝቷል። ከንጋት ወዲህ ይህ ዘጠነኛ ማረፋቸው ነው፤ የደሬቫ መንደር ግን አሁንም ከኋላቸው ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ካህን አስዲን ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ ወፍራም፣ ከእህል ጆንያ ጋር ታግሎ ተሸንፎ የማያውቅ ሰው። ዛሬ የያዘው አንዲት የሰንደል እንጨት ከረጢት ብቻ ናት። ሰባ ሁለት ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ ከፊቱ እየተንገዳገዱ ሲሸከሙ፣ እሱ እጁን አጣጥፎ ከኋላ ይከተላል። እርር ድብን ብሏል።

«አባታችን፣ ትንሽ ፈጠን ብንል ምናለ? ባሕሩ ሳይሞላ ነው መሻገር ያለብን።»

«እግርህን አበድረኝና ልፍጠን።»

«እግሬንም እጄንም እሰጥዎት ነበር፤ አልቀበልም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ አይደለሁም፤ ሕጉ ነው» አሉ ዳስቱር፣ እሳቱን ትንፋሻቸው እንዳይነካው አፋቸው ላይ ያሰሩትን ነጭ ጨርቅ እያስተካከሉ።

«ሕጉስ ምን ያድርግ!» ብለው ገቡበት ሱናባይ። የአስዲን ሚስት እናት ናቸው፤ አማቻቸውን ለመውቀስ ደግሞ ቀጠሮ አያስፈልጋቸውም። «ዝም አይነቅዝም! ሰው አላየህ፣ ምስክር የለብህ፣ ጎሿ እንደሆን አትናገር! ሮጠህ ሄደህ ጥምጥሜ ወደቀ ብለህ ለፈለፍክ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ይኸው እኔ በስተርጅና ድንጋይ ተሸካሚ ሆንኩልህ። ልጄን የዳርኩልህ እኮ ለዚህ አልነበረም!»

«እንድዋሽ ነበር የፈለጉት፣ እማማ?»

«ኧረ አፌ ይቆረጥ! እኔ መች ውሸት አልኩ? ዝም በል ነው ያልኩት። ውሸትና ዝምታ አንድ ናቸው እንዴ? እስቲ አባታችን ይፍረዱን።»

ዳስቱር ከይቆባድ ግን ጥያቄውን እንዳልሰሙ ሁሉ ላባቸውን ይጠርጉ ጀመር።

ነገሩ የሆነው ከአራት ቀን በፊት ነው። የዓሣ አጥማጁ የባግላ ጎሽ ኩሬው ዳር ረግረግ ውስጥ እስከ ሆዷ ሰጥማ ትጮኻለች። ባግላ የእነሱ እምነት ሰው አይደለም፤ ጎረቤት ግን ጎረቤት ነውና አስዲን ገመዱን ያዘለት። ሲስብ፣ ሲስብ፣ ጎሿ በአንድ ጊዜ ፈንቅላ ወጣች፤ እሱ በጀርባው ተንጋለለ፤ ነጩ ጥምጥም ጭቃው ላይ ተንከባለለ። ባግላ አነሳና አራግፎ «እንካ ጌታዬ፣ ምንም አልሆነ» አለው። ምንም አልሆነ! ዘጠኝ ሌሊት ተዘግቶ፣ ታጥቦና ጸልዮ የነጻ ካህን፣ ጥምጥሙ ከራሱ ከወደቀ ንጽሕናውም አብሮ እንደሚወድቅ ባግላ በምን ይወቅ? አስዲን ግን ያውቃል። እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወደ ዳስቱር ሄዶ ተናገረ። ዳስቱርም ቀና ብለው ሳያዩት «እንግዲህ እጅህን ከእሳቱ አንሳ፤ ዘጠኙን ሌሊት እንደገና ትጀምራለህ» አሉት።

ሳይጀምር በምሥራቅ በኩል ጭስ ታየ። ያ ዓመት ከፋርስ ተሰደው የመጡት አባቶቻቸው ባወረሷቸው በንጉሥ ያዝደጊርድ አቆጣጠር ሺህ አንድ መቶ ነበር፤ በሕንድ፣ በጉጅራት ምድር ላይ ባለ ፈረስ ሁሉ ንጉሥ የሆነበት ዘመን። ዘራፊዎቹ የጎረቤት ከተማን አቃጥለው ወደ ባሕሩ ዳር እየወረዱ ነው ተባለ። መንደርተኛው ልጁንና እህሉን በጋሪ ጭኖ ወደ የብሱ ከገባው የባሕር ክንድ ማዶ ወዳለው ኮረብታ ተሻገረ፤ እዚያ ዋሻ ጠርጎ እሳቱን ይጠብቃል። እሳቱ ግን በጋሪ አይጫንም፣ በጀልባ አይሻገርም፤ በነጻ ካህን ክንድ፣ በእግር ነው የሚሄደው። የደሬቫ ነጻ ካህናት ሁለት ነበሩ። አሁን አንድ ሽማግሌ ቀርተዋል።

ቢጠፋስ? አስዲን ይህን ማሰብ አይፈልግም። ከአሥራ ስድስት ዓይነት እሳት ተለቅሞ የነገሠ እሳት ነው፤ ከአንጥረኛ፣ ከሸክላ ሠሪ፣ ከዳቦ ጋጋሪ፣ ከመብረቅ ሳይቀር። አንጥረኛና ሸክላ ሠሪስ ይገኝ ይሆናል፤ መብረቁን ማን ይጠራዋል? የአያቱ አያት ያነገሡት እሳት በእሱ ዘመን፣ እሱ እጁን አጣጥፎ እያየ ቢጠፋ፣ ለልጆቹ ምን ብሎ ይነግራል?

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የቀትሩ ጸሎት ደረሰና እሳቱ ሰንደሉን መቅመስ ነበረበት። አስዲን ስድስት ስንጥር መዝዞ ሱናባይ ባነጠፉት የታጠበ ጨርቅ ላይ አስቀመጠ፤ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ራቀ። ከእጅ ወደ እጅ መቀበል አይቻልማ! ዳስቱር ጎንበስ አሉ። ወገባቸው ተንቋቋ። አንዱን ስንጥር አንስተው እሳቱ ላይ አኖሩ፤ ሁለተኛው ከጣታቸው አምልጦ አፈር ላይ ወደቀ።

«አፈር ነካው። ሌላ አምጣ፤ ስድስቱ መሙላት አለበት።»

አስዲን ሌላ አመጣና ራቀ። ያም ስንጥር ወደቀ።

«ሌላ።»

«አባታችን፣ በዚህ አያያዛችን ሰንደሉ ከመንገዱ ቀድሞ ያልቃል!»

«ታዲያ ምን ላድርግህ? የሚንቀጠቀጠው እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ሱናባይ ሳቃቸው አመለጣቸውና በሻሻቸው አፋቸውን አፈኑ። አስዲን አልሳቀም። እነዚህን ሁለት እጆቹን ቆርጦ ቢጥላቸው ደስ ባለው። ምን ይሠሩለታል? ጎሽ ለመጎተት ጊዜ በረቱ፤ ለእሳቱ ጊዜ ግን እንደ ሽባ እጅ ተንጠልጥለው ቀሩ። ቆይ ግን፣ ጥፋቱ ምን ነበር? መርዳቱ ነው? ወይስ መናገሩ? ሕፃን ሆኖ እዚያው እሳት ፊት «ውሸት ከሁሉ ኃጢአት ይከፋል» እያሉ ያስተማሩት እኮ እኚሁ ሽማግሌ ናቸው። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይሉ ነበር። ይኸው ተናገረ፤ መንደሩ ሁሉ ፊቱን አጠቆረበት፤ «ለምን ተናገርክ» የሚለው ግን አንድም የለም፣ ያሳፍራላ! ሁሉም በዓይኑ ብቻ ነው የሚለው። በአፋቸው ያሉት ሱናባይ ብቻ ናቸው፤ ለዚህም በልቡ ያመሰግናቸዋል።

የባሕሩ ክንድ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ አዘንብላ ነበር። ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ተገልጧል፤ በጭቃው መሀል ጋሪዎቹ ያለፉበት ጠንካራ መንገድ ይታያል። እዚያ ባግላ ጎሹን ይዞ ቆሟል።

«ጌቶች፣ ምነው እንዲህ ዘገያችሁ? ባሕሩ ፊቱን አዙሯል እኮ! እኔስ ሰው ቀርቷል ሲሉኝ ለማገዝ ነው የመጣሁት።»

«ፊትህን አዙር!» ብለው ጮኹ ዳስቱር። «እሳቱን የሌላ እምነት ሰው አያየውም!»

ባግላ የራሱን ሻሽ ፈትቶ ዓይኑን ጠመጠመ። «ይኸው ታወርኩ። ዓይኔን ታስሬ ጎሽ እንዴት ልንዳ?»

«ጎሿ ትንዳሃ!» አሉት ሱናባይ። «ለዚህ ሁሉ መዘዝ ያበቃችን እሷ አይደለችም? ዛሬ እንኳ ጭቃውን ትለየው።»

ተያይዘው ገቡ። ፊት ዳስቱር፣ ከኋላቸው ሱናባይ ከነድንጋያቸው፣ ቀጥሎ አስዲን፣ መጨረሻ ላይ የጎሿን ጭራ የጨበጠው ባግላ። በመጀመሪያ ውሃው ቁርጭምጭሚት ነበር። መንገዱ ተጋምሶ ሳያልቅ ባት ደረሰ። ድምፅ የለውም፤ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው። አስዲን የማዶውን ዳርቻ በዓይኑ ለካና የሽማግሌው እግሮች በሚሄዱት አካሄድ እንደማይደርሱ ተረዳ።

እዚያው ዳስቱር በጉልበታቸው ወደቁ። ማንደጃውን ግን ከፍ አድርገው፣ ከራሳቸው በላይ አንስተው ያዙት፤ ክንዳቸው ይንዘፈዘፋል፤ ክዳኑ ይንቀጫቀጫል።

«ያዘው!» ብለው ጮኹ ሱናባይ፤ ወዲያው ደግሞ በራሳቸው ቃል ደንግጠው አፋቸውን ያዙ።

አስዲን ዘሎ ደርሶ ነበር። ሁለቱ እጆቹ ከማንደጃው ግራና ቀኝ ተዘርግተው፣ አንዲት ጣት እስኪቀር ቀርበው፣ ደረቁ። ቢነካው እሳቱን አረከሰ፤ ባይነካው ውሃ በላው። ከንፈሩን እስኪደማ ነከሰ።

«ድንጋዩን ላስቀምጥ?» አሉ ሱናባይ እያለቀሱ። «የት ላስቀምጠው? ውሃ ነው እኮ ሁሉም!»

«አስዲን» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ከጨርቁ ሥር ተቆራርጦ እየወጣ። «ያዘው።»

«እንዴት አድርጌ? ሕጉስ?»

«የኔም ወድቋል።»

«ምኑ?»

«ጥምጥሜ ነዋ! ከሦስት ዓመት በፊት፤ በዝናቡ ወር። ከጉድጓዱ ውሃ ስቀዳ ገመዱ አዳለጠኝ፤ ወደቀ። ማንም አላየኝም። የዚያን ቀን ነገ እናገራለሁ ብዬ ዝም አልኩ። በማግስቱ ትናንት ለምን አልተናገርክም ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላማ... ሦስት ዓመት ሙሉ ባልነጻ እጅ ስነካው ኖሬአለሁ፤ አልጠፋም። ያንተ እጅ አይገድለውም። ያዘው!»

አስዲን ደሙ ፈላ። ባሕሩንም እሳቱንም ረሳ።

«ታዲያ እኔን አራት ቀን ለምን አቃጠሉኝ? እጅህን አንሳ ያሉኝ እርስዎ! ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ!»

«በምን ዓይኔ ልይህ?»

«እውነትዎን ነው? ወይስ እንድይዘው ብለው...»

«አሁን ነው የምትመረምረኝ?» ብለው ጮኹ ሽማግሌው፣ ከዚያ ሁሉ ድካም ውስጥ ቁጣ አውጥተው። «ውሃው ወገቤን አልፏል፣ አንተ ግትር!»

ያዘው። ጥጡን አልፎ ሙቀቱ ደረቱ ላይ ሲያርፍ ትንፋሹ ቆመ። ይህን ያህል ቀላል ነበር! ከአንድ ሕፃን አይከብድም። ቀኑን ሙሉ የሽማግሌ ወገብ ያጎበጠው፣ ሱናባይን ድንጋይ ያሸከመው፣ ለባሕር አሳልፎ ሊሰጣቸው የነበረው ሸክም ይኸው ነው። ቅለቱ የባሰ አናደደው። እየተሳደበ፣ ማንን እንደሚሳደብም ሳያውቅ፣ ውሃውን እየሰነጠቀ ወጣ። ከኋላው ባግላ ዓይኑን እንደታሰረ በዳበሳ ሽማግሌውን አንስቶ ጎሿ ላይ ጫናቸው።

የኮረብታው ግርጌ ሲደርሱ ሱናባይ ከፊቱ ቆሙ። ከመንገዱ ኩርባ አልፎ ሕዝቡ አለ፤ ጫጫታው ይሰማል።

«ስማኝ አማቼ» አሉት በለሰለሰ ድምፅ፤ ይህን ድምፃቸውን ሰምቶት አያውቅም። «ለአባታችን መልስላቸው። የቀረችው ሃምሳ እርምጃ ናት፤ እሳቸው ይዘው ይግቡ። ያየ የለ፣ የሰማ የለ። ባግላም ዕውር ነው ዛሬ።»

«ምንም አላየሁም» አለ ባግላ ከሻሹ ሥር። «የጎሼን ጭራ እንኳ አላየሁም።»

አስዲን ሽማግሌውን አያቸው። ከጎሿ ወርደው እጃቸውን ዘርግተዋል። እሱም በጣም ደክሞታል። ደግሞስ እሱ ብቻውን ምን ቤት ነው? ሰጣቸው። ሦስት እርምጃም ራቀ፤ እግሩ ራሱ ለምዶት ኖሯል።

ኩርባውን ሲያልፉ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው። ሴቶቹ መንገዱ ላይ አበባ በተኑ፤ ዋሻው ተጠርጎ፣ ታጥቦ፣ መሀሉ ላይ ነጭ የድንጋይ ዙፋን ተደልድሏል። ዳስቱር ማንደጃውን ዙፋኑ ላይ ሲያኖሩት የሰው ሁሉ ዓይን እንባ አቀረረ። የመንደሩ ሹም ቻንዳ ጉሮሮውን ጠረገና ንግግር ጀመረ። ቻንዳ አጋጣሚ አያልፈውም።

«አያችሁ ወገኖቼ! በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ብቻቸውን፣ ባሕር ሰንጥቀው! ነጻ ክንድ ማለት ይኸ ነው። ምነው አስዲን፣ አንተ ጎረምሳው ሰንደል ብቻ ይዘህ መጣህ? አይዞህ፣ ለጎሽ የተሠራ ክንድም ይጠቅማል፤ ባግላ ሲቸግረው ይጠራሃል!»

ሕዝቡ ሳቀ። ክፋት የለበትም፤ እፎይ ያለ ሰው ሳቅ ነው። አስዲን አንገቱን ደፋ። ነገ እናገራለሁ አለ በልቡ፤ ዛሬ ደስታቸውን ምን አበላሸው? ይህንኑ ሐሳብ ሳይጨርሰው የሽማግሌው ቃል ትዝ ብሎት ጭው አለበት፦ የዚያን ቀን ነገ እናገራለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

ቀና አለ። ሁለት እጁን አነሳና ጥምጥሙን ከራሱ አውልቆ ዋሻው ወለል ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አስቀመጠው። ሳቁ ተቋረጠ። ካህን በሰው ፊት፣ ያውም በእሳቱ ፊት ራሱን ሲገልጥ ማንም አይቶ አያውቅም።

«ከባሕሩ መሀል እስከ ኩርባው የተሸከምኩት እኔ ነኝ» አለ። «በዚህ ራሴ፣ በነዚህ እጆቼ። እንዳትታለሉ።»

«አረከስከው!» ብሎ አንዱ ጮኸ። «ምን ዓይነት መዓት ነው!» አለች ሌላዋ። ቻንዳ ንግግሩ አፉ ላይ ቀረበት። ሱናባይ ድንጋያቸውን ጥለው ግንባራቸውን መቱ፦ «ወይ ነዶ! ደግሞ ተናገረ! ይኸ ሰውዬ ምን ባደርገው ይሻለኛል?»

ጫጫታው ዋሻውን ሲያናውጠው ዳስቱር ከይቆባድ ከእሳቱ አጠገብ ዘወር አሉ። እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደ። ያ ከሰንደሉ ጋር ሲታገል የዋለው እጅ ጥምጥሙን ለማውለቅ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ማንም ግን አላገዛቸውም። ነጭና ሳሳ ያለ ፀጉራቸው ተገለጠ።

«የኔ ሦስት ዓመቱ ነው» አሉ። «እሱ በዚያው ቀን ነግሮኛል። እኔ አልነገርኳችሁም።»

እሳቱ አመዱ ሥር ጠሽ ሲል ተሰማ። ከቀትር ወዲህ እንጨት አልቀመሰም፤ የተሲያቱ ጸሎት ሰዓት ገብቷል፤ ፍሙ እየጠቆረ ነው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። የሚነካው ነጻ ሰው በዋሻው ውስጥ የለም፤ በደሬቫም የለም።

«እንግዲህ» አሉ ሱናባይ፣ ወገባቸውን ይዘው ቻንዳንና ሕዝቡን በዓይናቸው እየገረፉ፣ «ሁላችሁም ተናግራችሁ ከጨረሳችሁ፣ እንጨቱን ማን ይጨምር? ቻንዳ፣ በንግግር ታሞቀዋለህ?»

ቻንዳ ወደ ኋላ አለ።

«እሱ ይጨምር» አሉ ዳስቱር፣ ወደ አስዲን እያመለከቱ። «በዚያው ቀን የተናገረው። ዘጠኙን ሌሊት ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ እሳቱ ዳር ይቆጠርለታል። ሕግ ያፈረስኩ እንደሆነ በኔ ይሁን፤ አንድ አፍርሻለሁና ሁለተኛው አይከብደኝም።»

አንዳንዱ አጉረመረመ። ማጉረምረሙ ዓመቱን ሙሉ እንደሚቀጥል አስዲን ያውቃል። በሽማግሌውም ገና አልበረደለትም፤ የአራት ቀን ቃጠሎ በአንድ ቃል አይጠፋም። ግን ፍሙ እየጠቆረ ነው። ጥምጥሙን ከወለሉ አነሳና አራገፈ፤ ራሱ ላይ ጠመጠመ፤ አፉን በነጩ ጨርቅ ሸፈነ። ከረጢቱን ከፍቶ ከተረፉት ስንጥሮች አንዱን መዘዘና ያችን ሦስት እርምጃ ተራመዳት።

ሰንደሉ ጭሶ፣ ጭሶ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ነበልባል ያዘ። ሁለተኛውን ስንጥር ለማንሳት ጎንበስ አለ።

«ቀስ!» አሉ ሱናባይ ከኋላው። «ጥምጥምህን አጥብቀው!»